የሆዳን ሰባት

ባለፈው ሳምንት የጡረታ መታወቂያዬን ፎቶ ኮፒ ላስደርግ ጅግጅጋ መናኸሪያ አጠገብ ካለች ጠባብ ሱቅ ገባሁ። ማሽኑ አርጅቷል፤ ወረቀት በተፋ ቁጥር ያቃስታል። ባለሱቋ ከእኔ በፊት የመጣ አንድ ወጣት መምህር የሰጣትን ፈተና እያባዛች ስለነበር ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። ያ የትኩስ ወረቀት ሽታ፣ ቀለምና ሙቀት የተቀላቀለበት፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጠው ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ወንበሬን ወደ በሩ ገፋ አደረግሁ። ሽታው ብቻ ቢሆን እኮ ደግ ነበር። አንዱ ወረቀት ከማሽኑ አምልጦ እግሬ ሥር ወደቀ፤ ላነሳው ጎንበስ ስል ዓይኔ አረፈበት። «ቀጣዩን ቁጥር ጻፍ» ይላል። ሥሩ ሦስት ቁጥር፣ ከዚያ ባዶ መስመር። ሦስት ቁጥር ብቻ! «ይሄን ያወጣው ማነው?» አልኩ ጮክ ብዬ። መምህሩ ፈገግ ብሎ «እኔ ነኝ እማማ፣ ምነው?» አለኝ። «አምስት አድርገው፣ ስድስት አድርገው፤ ሦስት ቁጥር ሰው ያጠፋል» አልኩት። ሴትየዋ ጃጅታለች ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ በትህትና አንገቱን ነቅንቆ ወረቀቱን ተቀበለኝ። እኔም የመጣሁበትን ረስቼ፣ መታወቂያዬን ባንኮኒው ላይ ትቼ ወጣሁ።

«ያኔ» ስል ሰዎች ግር ይላቸዋል። ከናዝሬት ሁለት ዓመት አስተምሬ እመለሳለሁ ብዬ መጥቼ እዚህ ከተማ ውስጥ ጸጉሬ ስለሸበተ፣ ያኔ የምለው የወጣትነቴን ዘመን ይመስላቸዋል። አይደለም። እኔ ያኔ የምለው ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ግን ከልጅነቴ ይልቅ እሱ ይርቀኛል። አንድ ብርጭቆ የወተት ሻሂ አምስት ብር የነበረበት ጊዜ ነው። የባጃጅ ሾፌር አሥር ብር ሲሰጡት መልስ ይዞ ይከተል ነበር፤ ዛሬ መልስ ሲሉት የሰደቡት ይመስለዋል። ሴቶቹ ያን ሰሞን ብርቱካንማ ድራዕ የሚሉትን ረጅም ቀሚስ ነበር የሚያዘወትሩት፤ ስስ ጨርቅ ነው፣ የጅግጅጋ ነፋስ ከሰዓት በኋላ ሲነሳ ከታይዋን ገበያ እስከ እኛ ትምህርት ቤት ድረስ መንገዱ በሙሉ ይውለበለባል። ወንዶቹ መምህራን ጠዋት በክራቫት ይመጡና ከሰዓት ሽርጥ አገልድመው ታገኟቸዋላችሁ። አሁን ያ ቀለም የለም ወይስ ዓይኔ ነው የደከመው፣ አላውቅም። ከባጃጆቹ የሚወጣው የድሮ የሱማሌ ዘፈን፣ ዑዱ፣ ያ የዓረቦቹ ክራር፣ ብቻውን ረጅም መንገድ ሄዶ ሄዶ ዘፋኙ ዘግይቶ የሚደርስበት፣ ግጥሙን ግማሹን ሳልረዳ ልቤን ይነካው ነበር። ዛሬ በዚያው ጥግ ሳልፍ የምሰማው ጩኸት ነው። ጥጉ ራሱ አለ፤ የትምህርት ቤታችን የጀርባ አጥር፣ ባጃጆቹ የሚታጠፉበት ቦታ። የሌለችው የኤዶ ፋዱማ ሻሂ ቤት ናት።

ኤዶ ማለት በሱማሌኛ አክስት ነው። ኤዶ ፋዱማ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከአንድ ልጇ ከሆዳን ጋር ሻሂ እያፈላች የምትኖር፣ ሰፊ፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ነበረች። ቤቷ አራት አግዳሚ ወንበርና አንድ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ በር ነበረው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ክፍል ስንጨርስ መምህራኑ እዚያ እንሰበሰባለን። ልማድ ነበረን። ተራ የደረሰው መምህር በዚያ በር ላይ በጠመኔ ሦስት ቁጥር ይጽፋል፤ ቀጣዩን ያወቀ ሻሂውን በጠያቂው ሂሳብ ይጠጣል። መጀመሪያ ላይ የፊዚክሱና የኬሚስትሪው መምህር በአንድ ቁጥር ተጣልተው ሊደባደቡ ደርሰው ስለነበር እኔ ሕግ አወጣሁ፤ መልሱ የጠያቂው መልስ ነው፣ ክርክር የለም። ሁሉም ተስማሙ። በዕድሜ ታላቅ ስለነበርኩ ብዙ ነገር በቀላሉ ይቀበሉኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ ተራው የእኔ ሆነ። አንድ፣ ሁለት፣ አራት ብዬ ጻፍኩ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊያችን አቶ በቀለ ሻሂውን እንኳ ሳያስቀምጥ «ስምንት፤ እጥፍ እጥፍ ነው» አለ። ሆዳን ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ያኔ ሃያ አራት ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ አባቷ ሲሞት ትምህርቱን ትታ ወደ ሻሂው ገብታለች። እጇን እንኳ ሳታደርቅ «ሰባትም ይሆናል» አለች። ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። «መጀመሪያ አንድ ጨመረ፣ ቀጥሎ ሁለት ጨመረ፤ አሁን ሦስት ይጨምራል። ሰባት ነው።»  በቀለ «ይቺ ልጅ እኮ በሩን ትታ በመስኮት ገባች!» ብሎ እንደገና አሳቀን። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ያቺን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደጻፍኳት ቆጥሬ አልጨርሰውም፤ አንድም ቀን ሰባት አልታየኝም ነበር። ቢሆንም ሕግ ሕግ ነውና «ጠያቂዋ እኔ ነኝ፣ መልሱ ስምንት ነው» አልኩ። «ሃዬ» አለች ሆዳን፤ እሺ ማለቷ ነው፤ ወደ ብርጭቆዋ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ የእሷ ቀን ሆነ። እኛ አንዱን መልስ ስናገኝ እሷ ሁለተኛውን ታመጣለች። አምስት፣ አሥር፣ ሃያ ብሎ አንዱ ሲጽፍ፣ ሁላችን አርባ ስንል እሷ ሠላሳ አምስት ትላለች፤ አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት እየጨመረ ነው የሄደው ብላ። ኤዶ ፋዱማ እንኳ፣ ፊደል ያልቆጠረችው፣ አንድ ቀን ገባችበት። አንድ፣ አምስት፣ አሥር ተጽፎ ሁላችን ስናሰላ እሷ ከሰል እያራገበች «ሃምሳ!» አለች። እንዴት ብንላት «ወላሂ መምህር ሆናችሁ አታውቁም? አንድ ብር አለ፣ አምስት ብር አለ፣ አሥር ብር አለ፤ ከዚያ ሃምሳ ብር ነው። ሌላ የት አለ?» አለችን። አግዳሚው እስኪነቃነቅ ነው የሳቅነው። እኔ በዕድሜዬ ደስታ ምን እንደሚመስል ጠይቁኝ፣ ያንን ከሰዓት ነው የምነግራችሁ። ሆዳን ደግሞ ጠመኔውን ከእጃችን ነጥቃ ነበር የምትጽፈው፤ ከጉጉት ነው። «ቲቸር፣ አንቺ ስታስተምሪ አንድ መልስ ብቻ ለምንድነው የምትናገሪው?» አለችኝ አንድ ቀን። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ እርስዎ የሚለውን ግን ገና ከጅምሩ አልተቀበለችውም፣ እኔም ወድጄላታለሁ። «ጊዜ ስለሌለ ነው» አልኳት። እውነቴን ነበር።

ከዚያ ያ ክረምት መጣ። ከተማው ራሱን ስቶ እንደ እኔ ከሌላ አገር የመጣውን ያሳደደበትን ሰሞን ማለቴ ነው። ማን ምን አለ፣ ማን ላከው፣ ያንን የሚተርክ ሌላ ሰው አይጠፋም፤ እኔ የማውቀው የቤቴን በርና የመጣችውን ሴት ብቻ ነው። ጭስ ጭስ ይሸታል፤ ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ ወጥተው አልቀዋል፤ እኔ ሻንጣ ላይ ተቀምጬ ምን እንደምይዝ ጠፍቶኝ ነበር። ኤዶ ፋዱማ በጠራራ ፀሐይ በሩን ገፍታ ገባች፤ ጥቁር ጂልባብ በራሴ ላይ አጠለቀችብኝ፤ ክንዴን ይዛ መንገዱን መሃል ለመሃል አቋርጣ ወሰደችኝ። ጂልባቡ የእሷ ነው፤ እሷ ረጅም እኔ አጭር፣ መሬቱን እየጠረግሁ ነው የሄድኩት። መንገድ ላይ ዱላ የያዙ ሰዎች ሲያዩን «እህቴ ታማብኝ ነው» አለቻቸው በሱማሌኛ። አሳለፉን።

ሦስት ቀን ከሻሂ ቤቱ ኋላ ባለችው ክፍል፣ ከከሰል ማዳበሪያና ከወተት ጄሪካን መሃል ተቀመጥኩ። ኤዶ ፋዱማ ደጅ ላይ ምንም እንዳልተፈጠረ ሻሂ ትሸጣለች። ሆዳን ከእኔ ጋር ትውላለች። ማውራት አይቻልም፤ በሹክሹክታ ቢሆን እንጂ። ፈርቼ እንደነበር አልደብቅም፤ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያን ጊዜ ነው ሆዳን የከሰል ስባሪ አንስታ «ቲቸር፣ ጠይቂኝ» ያለችኝ። በሲሚንቶው ወለል ላይ መጻፍ ጀመርን። እኔ ስጽፍ እሷ ስትመልስ፣ እሷ ስትጽፍ እኔ ስመልስ፣ ወለሉ ሲሞላ በእጃችን ስናጠፋው፣ ሦስቱ ቀን ሄደ። በሁለተኛው ቀን ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት ብዬ ጻፍኩላት። ሳታስብ «ሰባት» አለች። «ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከአንድና ከራሳቸው በቀር ለማንም አይካፈሉም።» እኔ ያሰብኩት ስምንትን ነበር፤ ሁለቱን ስትደምር ሦስተኛው ይመጣል ብዬ። ነገርኳት። ከዚያ እንዲህ አልኳት፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «የኔ መደመር ብቻ ነው። ያንቺ ይበልጣል። ማንም ቢጠይቅሽ የራስሽን ጻፊ።» ዓይኖቿ በሩ፤ እኔም ይህ ነገር ሲያልፍ አስተማሪ አደርግሻለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት። ከዚያች ክፍል ከወጣሁ አስተማሪ ሳላደርጋት አልሞትም አልኩ።

አለፈ፣ እንደምንም። የቻለ ዝውውር ጠይቆ ሄደ፤ ሐሙሳችን ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። በቀለ ቀረ፤ እኔም ቀረሁ። የት እሄዳለሁ? በዓመቱ የመምህራን ኮሌጅ አሥረኛ ክፍል ለጨረሱ የመግቢያ ፈተና እንደሚሰጥ ተለጠፈ። ሆዳን ጠዋት ሻሂ ትሸጣለች፣ ከሰዓት እኔ ቤት ትመጣለች። ክፍልፋይ ያስቸግራት ነበር። ከላይ ያለውን ከታች፣ ከታች ያለውን ከላይ ታደርገዋለች፤ «ይሄ ክፍልፋይ ጠላቴ ነው» ትላለች። በአራት ወር ውስጥ ጠላቷን ገለባበጠችው። ኤዶ ፋዱማ ከገበያ ለልጇ ጥቁር ቦርሳ ገዛችላት፤ አስተማሪ ቦርሳ ይይዛል ብላ። ቦርሳው ባዶውን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቅ ነበር።

ኮሌጁ ለፈተና አውጪነት ከከተማው ትምህርት ቤቶች መምህራን ሲሰበስብ፣ ለሒሳቡ እኔንና በቀለን ጠራን። ሃያ ጥያቄ አወጣን። አሥራ ዘጠኙ ደህና ናቸው። ሃያኛውን ሳስብ አንድ ነገር ሽው አለብኝ፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት ብዬ ጻፍኩ። ለምን? ስጦታ ነበር። ፈተና ላይ ስታያት ያቺን ክፍል አስታውሳ ፈገግ እንድትል፣ ልቧ እንዲረጋጋ። መልሱን ስምንት አደረግሁ፤ ምክንያቱም እኔ የጠየቅሁት ስምንት ነው፣ እሷም ስምንት ብዬ እንዳሰብኩ ታውቃለች፣ በሻሂ ቤቱ ሕግ መልሱ የጠያቂው መልስ ነው። ሠላሳ ዓመት ያስተማረች ሴት እንዲህ አሰበች! ፈተናውን ማን እንዳወጣው ለተፈታኝ እንደማይነገር እያወቅሁ ረሳሁት። ሆዳን ያንን ወረቀት ስትቀበል የማታውቀው ሰው የጠየቃት መስሏት ነው፤ ማንም ቢጠይቅሽ የራስሽን ጻፊ ብያታለሁ። የመልሱ ቁልፍ ላይ እኔ፣ በቀለና የኮሌጁ ተወካይ ፈረምን፤ ማህተም አረፈበት፤ በፖስታ ታሸገ።

እርማቱ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በር ተዘግቶ ነበር። ወረቀቶቹ ላይ ስም የለም፣ የመለያ ቁጥር ብቻ ነው። ቀይ እስክሪብቶ ይዤ እያገላበጥኩ እያለ ያቺ ሰባት መጣች። ሆዳን ሰባትን ስትጽፍ ወገቧ ላይ በአጭር መስመር ታቋርጣታለች፤ ከእሷ በቀር እንዲያ የሚያደርግ አላጋጠመኝም። ጎኗ ላይ በትንሹ «ከአንድና ከራሳቸው በቀር የማይካፈሉ» ብላ ጽፋለች፤ ጠያቂው እንዲገባው። ወረቀቷን ከላይ እስከ ታች አየሁት። አሥራ ዘጠኙ ልክ። ክፍልፋዩ አንድ አልቀረም። እስክሪብቶዬን ከወረቀቱ አነሳሁ። ከዚያ ወደ በቀለ ዞሬ፣ የምቀልድ መስዬ፣ «አንድ ጥያቄ ሁለት ልክ መልስ ቢኖረው ምን እናደርጋለን?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አየ።

«አስቴር እህቴ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቁልፉ ተፈርሟል። እንቀይር ካልን ኮሚቴው ይሰበሰባል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ የታረመው ሁሉ እንደገና ይታረማል። የመጀመሪያው ጥያቄ ደግሞ ለማን ብላችሁ ነው የሚል ነው። ያን ክረምት ማን ቤት እንደተደበቅሽ ከተማው ያውቃል። ጥያቄውንም ያወጣሽው አንቺ ነሽ። ለጡረታ ስንት ወር ቀረሽ?»

«ዘጠኝ» አልኩ።

«በአንድ ማርክ ማንም አይወድቅም» አለኝ። ደግ ሰው ነበር፤ ለእኔ ብሎ ነው የተናገረው። እኔም ለእኔ ብዬ ሰማሁት። ሰባቷ ላይ ኤክስ አደረግሁ። ሌሎችም ሰባት የጻፉ ነበሩ፤ የእነሱንም እንዲሁ።

በአንድ ማርክ ወደቀች። ዝርዝሩ የኮሌጁ አጥር ላይ በመለያ ቁጥርና በጠቅላላ ውጤት ተለጥፎ ነበር፤ ከየትኛው ትምህርት ስንት እንዳመጡ አይጽፍም። ሆዳን ቤቴ መጣች፤ ጠርዙ በላብ የራሰ የመለያ ወረቀቷን በእጇ ጨብጣለች። «አንድ ቀረኝ ቲቸር። አንድ! የቱን ይሆን የሳትኩት?» አለችኝ። አላውቅም፣ ወረቀቱ ስም የለውም አልኩ። አሰበች። «አንዷ ያቺ የኛዋ ነበረች፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት። ሰባት ብዬ ጻፍኩ። እሷ ልክ ናት፣ አይደል?» ያኔ ነው ቤቱ የጠበበኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ወላዲተ አምላክ ምስክሬ ናት፣ ደርሶ ነበር። «ልክ ነሽ» አልኳት። እውነት ነዋ። ልክ ነበረች። በዚያች እውነት ነው የዋሸኋት። ትከሻዋ ወረደ። «ክፍልፋዩ ይሆናላ» አለች። «እኔ እኮ ብያለሁ፣ ለኔ አይሆንም። ጭንቅላቴ አይዘውም።» አይዞሽ፣ ለከርሞ ትወስጃለሽ አልኳት። የመለያ ወረቀቷን አጣጥፋ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ሻሂ ቤቱ ስገባ ሆዳን ወደ ቆርቆሮው በር አታይም ነበር፤ የድሮ ልማዳችንን የሰማ አንድ አዲስ መምህር በጠመኔ ቁጥር ሲጽፍ እሷ ሳሙና አረፋ ውስጥ እጇን ነክራ ብርጭቆዋን ታጥባለች። ኤዶ ፋዱማ ደግሞ አንድ ቀን አጠገቤ ተቀመጠችና ጉልበቴን በዚያ ትልቅ እጇ መታ መታ አድርጋ አጽናናችኝ። እኔን! «አታዝኚ መዓሊመድ» አለችኝ፤ አስተማሪ ሴት ማለቷ ነው። «አንቺ ለፋሽ፣ አላህ ይስጥሽ። የኔ ልጅ ጭንቅላት የላትም፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።» ያን ቀን ሻሂዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። በማግስቱ እነግራታለሁ አልኩ፤ ከማግስቱ በኋላ ጡረታ እስክወጣ አልኩ፤ ጡረታ ስወጣ ደግሞ ኤዶ ፋዱማ በስኳር በሽታ ተይዛ ደገሀቡር ዘመዶቿ ዘንድ ሄዳ እዚያው ሞታለች። ሆዳን ብቻዋን አልቻለችም፤ ሻሂ ቤቱን ዘግታ ደምበል የሚባል ቦታ አጎቷ ዘንድ ገባች። በኋላ ኤረር ከተማ ፍራፍሬ የሚነግድ ሰው አገባች ሲሉ ሰማሁ። ለከርሞ ያልኳት ፈተና ሁለተኛ አልወሰደችም። እኔ አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን ጎበዝ አይደለሁም ብሎ እንዲያምን አድርጌ፣ ጡረታዬን እየበላሁ ተቀመጥኩ። የፈራሁት ነገር ደግሞ ምን ነበር? ተሳስቻለሁ ማለት። ተማሪዎቼን በየቀኑ ሰሌዳ ላይ የማስተምራቸው እሱን ነበር።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ የረሳሁትን መታወቂያ በማግስቱ ጠዋት ወስጄ፣ ቤቴ ሳልመለስ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። አስቤበት አይደለም። ባስብበት ኖሮ አልሄድም። ከድሬዳዋ ሌላ መኪና ቀየርኩ፤ ሙቀቱ ከጅግጅጋ ነፋስ ለመጣ ሰው አይቻልም። ኤረር ባቡር ጣቢያው ባቡር ካየ ብዙ ጊዜ የቆየ ይመስላል፤ ከሐዲዱ ወዲያ የማንጎና የብርቱካን ዛፍ አለ። ሆዳን ብዬ የጠየቅሁት ሁሉ ቤቷን አሳየኝ። ግቢው ውስጥ የማንጎ ክምር ፊት ተቀምጣ የበሰለውን ከጥሬው እየለየች በእንጨት ሳጥን ትሞላለች። ወፍራለች፤ እናቷን መስላለች። «ቲቸር!» ብላ ተነሥታ አንገቴን አቀፈችኝ፤ ሻሂ አስመጣችልኝ። ባሏ ዒልሚ ደጅ አይሱዙ ላይ ገመድ እያሰረ ነበር፤ ከሩቅ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አለኝ። ሻሂውን ከጠጣሁ ሳልናገር እንደምመለስ አውቄ፣ ብርጭቆውን ሳልነካ ጀመርኩ።

«ሆዳን፣ ያ ፈተና።»

«የቱ ፈተና?»

«የኮሌጁ። ሰባት ብለሽ የጻፍሽው። ልክ ነሽ ብዬሽ ነበር።»

«አዎ፣ ብለሽኛል።»

«ጥያቄውን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። ቁልፉ ላይ ስምንት ነው ያደረግሁት። ወረቀትሽን ሳየው የእጅ ጽሑፍሽን አውቄዋለሁ። ኤክስ ያደረግሁት እኔ ነኝ። በእሷ ነው የወደቅሽው።»

እጇ ላይ ያለችውን ማንጎ አገላበጠቻት፤ ሳጥን ውስጥ ከተተቻት፤ ሌላ አነሳች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትጮህ እንዴት ደስ ባለኝ።

«ክፍልፋዩስ?» አለች።

«ምኑ?»

«ክፍልፋዩን ስንት አገኘሁ?»

«ሁሉንም። ከሒሳቡ ከሰባቷ ሌላ አንድም አልሳትሽም።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም ሆዳን።»

ሻሿን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። «እናቴ ይሄን ሳትሰማ ሞተች» አለች።  እጽፍልሻለሁ፣ አመለክታለሁ፣ ኮሌጁ ሄጄ በአፌ እናገራለሁ ብዬ ለፈለፍኩ። «አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያልጨረሰ አይቀበሉም። እኔም ትልቅ ሰው ሆኛለሁ። ለማን ነው የምትጽፊው?» አለችኝ፤ በቁጣ አይደለም፣ መንገድ እንደምታሳይ ሰው። ይቅር በዪኝ አልኳት። «አውፍ ብዬሻለሁ» አለች ወዲያው፤ ዓይኗን ከማንጎው ሳታነሳ። ቶሎ ነው ያለችው። ይቅርታው እጄ ላይ ቀረ፤ ምን እንደማደርገው አላወቅሁም።

«ሻሂሽ ቀዘቀዘ» አለችኝ። አነሳሁት።

ዒልሚ ከደጅ በሱማሌኛ ተጣራ። «ሆዳን! ስንት ሳጥን ሆነ?» አላት። ሳጥኖቹ ፊታችን ተደርድረዋል፤ ማንም በአንድ እይታ የሚቆጥራቸው ናቸው። እሷ ቀና እንኳ አላለችም።

«አንተው ና ቁጠር» አለችው። «እኔ ቁጥር እንደማልችል ታውቅ የለ።»

እጁን በሽርጡ እየጠረገ መጣ። ጣቱን እየቀሰረ ጮክ ብሎ ቆጠራቸው። አሥራ አራት ነበሩ።